ስለ ቤት ሰላምና ልጅን በቤት ስለ ማስተማር

ሰው ሁሉ ሰላምን ይፈልጋል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው ሰላምን የሚፈልጋት በሌለችበት ስፍራ ነው። አንዱ «ሀብት ሳከማች አርፋለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሹመት ካገኘሁ በኋላ ልቤ ይረጋጋል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ልጆቼ አድገው ከእጄ ሲወጡ ያን ጊዜ እፎይ እላለሁ» እያለ ቀን ይቈጥራል። ከሦስቱ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ የመጨረሻው ነው። የጠበቀው ቀን በደረሰ ጊዜ ቤቱ ጭር ብሎ ይቀበለዋል፤ ያን ጊዜም የሚናፍቀው ሲሸሸው የኖረውን የልጆች ጫጫታ ነው። ዕድሜያችን የሚያልፈው በታላላቅ በዓላት ቀን አይደለም፤ ልብስ በማጠብ፣ እንጀራ በመጋገር፣ የልጅ ጫማ በመፈለግ፣ ያልተጻፈ የቤት ሥራ በማሳሰብ ነው። እንግዲህ ሕይወት ትርጉም ያላት እንደ ሆነ ትርጉሟ በዚህ ውስጥ ሊገኝ ይገባል፤ በዚህ ውስጥ ካልተገኘ ግን በሌላ ስፍራ ለመገኘቱ ዋስ የሚሆን የለም።

ሰላምና ዝምታ አንድ አይደሉም። ባልና ሚስት የተኳረፉበት ቤት ዝም ያለ ነው፤ ልጆች አባታቸውን ፈርተው በየጥጉ የተሸሸጉበት ቤትም ዝም ያለ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ ሰላም የለም። ሕፃን የሚያለቅስበት፣ ድስት የሚንተከተክበት፣ አንዱ ልጅ ሌላውን የሚያባርርበት ቤት ግን የሰላም ቤት ሊሆን ይችላል። ሥራ መፍታትም ሰላም አይደለም። ቡናን እንመልከት፤ ይታጠባል፣ ይቈላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ አቦሉ ተቀድቶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ዳሩ ግን የደከመው ሰው «ቡና ይፈላልኝ» ይላል እንጂ «ቡና አድካሚ ነውና ይቅርብኝ» አይልም። የሚያሳርፈው ቡናው ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው አንዱን ነገር በተራውና በጊዜው ሲያደርጉት፣ ማንም ወደ ሌላ ስፍራ ሳይቸኵል ሲቀመጥ፣ ያ መቀመጥ ራሱ ዕረፍት ይሆናል። ያን ቡና የምትቈላውና የምትወቅጠው ማን እንደ ሆነች ግን ወደ ኋላ እንጠይቃለን።

ከቤት ሥራ ሁሉ ይህ ነገር ጎልቶ የሚታየው ልጅን በማስተማር ነው። በአገራችን ልጅ ፊደል የሚቈጥረው ከቤት ውጭ ነበር። የክርስቲያኑ ልጅ በየኔታ ፊት ተቀምጦ 33ቱን ፊደላት በየሰባት ስልታቸው፣ በድምሩ 231 አድርጎ ይቈጥራል፤ ከዚያም ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ኋላም ወደ ዳዊት ይሻገራል። የሙስሊሙ ልጅ ደግሞ በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን ይቀራል። ቤት የሚያስተምረው ግን ሌላ ነበር፤ አነጋገርን፣ አቀማመጥን፣ ለታላቅ መነሣትን፣ ለእንግዳ ውሃ ማቅረብን፣ የእህልን ክብር ነው። ማታ በእሳት ዳር ተረት ይነገራል፣ እንቆቅልሽም ይጠየቃል። በእንቆቅልሽ መልሱን ያጣ ልጅ አገር ይሰጣል፤ አገሩን ከሰጠ በኋላ መልሱ ይነገረዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ፣ እርሱም ይስቃል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ታላቅ ጥበብ አለ፤ አለማወቅ አንድ አገር ያስከፍላል እንጂ ዱላ አያስከፍልም፣ የተሸነፈውም ልጅ በማግሥቱ ደግሞ ለመጫወት ይመጣል።

ዘመናዊ ተማሪ ቤት በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ወላጅ ማስተማርን ፈጽሞ ለመምህራን ተወ። «እኔ የምከፍለው ለዚህ ነው» የሚል አነጋገርም የተለመደ ሆነ። ይህ ልማድ በድንገት የተናወጠው መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዚያን ቀን በመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በመጀመሪያ ለ15 ቀን የተባለውም እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዘለቀ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ቢሰጥም እንኳ፣ አጠገብ ተቀምጦ «ይህ ገባህ ወይ» የሚል ሰው ያስፈልግ ነበርና ብዙ ወላጅ ሳያስበው መምህር ሆነ። ያን ጊዜ አንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችል ነበር። በአንዱ ቤት ትምህርት ማለት ጩኸትና ልቅሶ ሆነ፤ በሌላው ቤት ግን አባት ልጁ እንዴት እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ በምን እንደሚስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐወቀ። የሁለቱን ቤቶች ልዩነት ያመጣው የአባቶቹ ዕውቀት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በሌላ አገር ደግሞ ተገደው ሳይሆን ወደው ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ አሉ። በአሜሪካ ይህን ማድረግ በ50ውም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው፤ በጀርመን ግን ልጅ ሁሉ ተማሪ ቤት እንዲገባ ሕግ ያስገድዳል። የትኛው ሕግ ይሻላል የሚለውን ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወው። የእኛ ጥያቄ ከዚህ ይቀድማል፤ ይኸውም ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚያስተምር ወላጅም ሆነ፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ብቻ ከልጁ ደብተር አጠገብ የሚቀመጥ ወላጅ፣ ለዚያ ልጅ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? የሚል ነው። ለዚህ መልስ እንዲሆነን የሦስት ሰዎችን ታሪክ እንመልከት።

የመጀመሪያው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1762 ያሳተመው «ኤሚል» የተባለው መጽሐፍ ስለ ልጅ አስተዳደግ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። በዚያ መጽሐፍ ልጅ እንደ ትንሽ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ እንዲያዝ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲያጠቡ፣ አባቶችም ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲያስተምሩ መክሯል። ነገር ግን ሩሶ የራሱን 5 ልጆች ገና እንደ ተወለዱ በፓሪስ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አሰጥቷል፤ ይህንም ራሱ በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ አምኗል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። መጽሐፉ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም፤ ብዙ እናቶችና ልጆች ተጠቅመውበታል። ዳሩ ግን ስለ ልጅ ብዙ መናገር ከልጅ ጋር መቀመጥ አይደለም። ስለ አስተዳደግ ምክር የሚሰበስብ፣ በየስብሰባውም ስለ ትውልድ የሚናገር፣ ማታ ግን ልጁ ከተኛ በኋላ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ ምንም እንኳ ሩሶን ቢወቅስ፣ በመጠን አንሶ በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጄምስ ሚል የተባለው ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1806 የተወለደውን የበኵር ልጁን ጆን ስቱዋርት ሚልን ተማሪ ቤት ሳይሰድ ራሱ አስተማረው። ሕፃኑ በ3 ዓመቱ የግሪክን ቋንቋ፣ በ8 ዓመቱም የላቲንን ቋንቋ ጀመረ። አባትየው በዚያን ጊዜ የሕንድን ታሪክ የሚናገረውን ትልቅ መጽሐፉን ይጽፍ ነበር፤ ልጁም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የግሪኩን ንባብ ያዘጋጃል። በእንግሊዝኛ የተተረጐመ የግሪክ መዝገበ ቃላት ስላልነበረው፣ የማያውቀውን እያንዳንዱን ቃል አባቱን ይጠይቃል። ልጁ ኋላ ጸሐፊ ሆኖ ይህን ሲተርክ፣ አባቱ በጠባዩ ትዕግሥት የሌለው ሰው እንደ ነበረ፣ ሆኖም ያን ሁሉ ማቋረጥ ችሎ መጽሐፉን እንደ ፈጸመ በአድናቆት መስክሯል።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። የቤት ኑሮ ከሞላ ጐደል መቋረጥ ነው። ደብዳቤ ስትጽፍ ልጅ ይጠራሃል፤ ልታርፍ ጋደም ስትል ውሃ ጠማኝ ይላል፤ ከባልንጀራህ ጋር ቁም ነገር ስትጫወት «አባዬ፣ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ብሎ ይጠይቃል። ከእነዚህ መቋረጦች አምልጦ ሰላምን አገኛለሁ የሚል ወላጅ ዕድሜውን ሙሉ ይናደዳል፤ ከቶ አያመልጥምና። ይህ የልጅ ጥያቄ ሥራዬን የሚያሰናክል ሳይሆን ከሥራዬ አንዱ ነው ብሎ በልቡ የቈረጠ ሰው ግን፣ ጥያቄው ባይቀርለትም ንዴቱ ይቀርለታል። የቤት ሰላም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልጅ ሲጠራን ሁልጊዜ ሥራ እንጣል ማለት አይደለም፤ «ይህን መስመር ልጨርስና እመልስልሃለሁ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን እመልስልሃለሁ ያለ ሰው መስመሩን ከጨረሰ በኋላ በእርግጥ መመለስ አለበት። ልጅ ቃል መጠበቅን የሚማረው ስለ ቃል መጠበቅ ከሚነገረው ምክር ይልቅ ከዚህ ነው።

የሚል ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። ያ ልጅ በ20 ዓመቱ፣ በ1826 መከር ወራት፣ ከባድ የልብ ጨለማ ወደቀበት። የምትደክምለት ዓላማ ሁሉ ዛሬ ቢፈጸምልህ ደስ ይልሃልን? ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ ልቡ አይለኝም ብሎ መለሰለት። ብዙ ወራት በዚህ ሐዘን ከኖረ በኋላ፣ ማርሞንቴል የተባለው ፈረንሳዊ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ፣ አባቱ የሞተበት ልጅ ቤተ ሰቡን አጽናንቶ በጠፋው አባት ፈንታ እኔ እሆናችኋለሁ ብሎ ከተነሣበት ስፍራ ደረሰ፤ ያን ጊዜ እንባው ፈሰሰ፣ ሸክሙም ቀለለለት። ግሪክና ላቲን፣ ሎጂክና የሀብት አስተዳደር ትምህርት ያላዳኑትን ሰው አንድ የቤተ ሰብ ሐዘንና ፍቅር መለሰው። ራሱም ስለ አባቱ ሲጽፍ አክብሮቱን አልነሣውም፤ ይሁን እንጂ ለልጆቹ ያላሳየው ርኅራኄ እንደ ጐደለና በፍርሃት እንዳደጉ ሳይሸሽግ ተናግሯል።

ጄምስ ሚል ለልጁ ጊዜውን ሰጠ፤ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ልጁን የሐሳቡ ማስረጃ ሊያደርገው ፈለገ፤ ሰው በትምህርት ብቻ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል በእርሱ ሊያሳይበት ፈለገ። ዛሬም ይህ አደጋ በብዙ ቤት አለ። ልጁን የሚያስተምረው ለልጁ ሳይሆን ለጎረቤት የሚያሳየው ሰንደቅ ዓላማ ለማግኘት የሆነ ወላጅ ጥቂት አይደለም። የእገሌ ልጅ አንደኛ ወጣ፣ አንተ ግን ሰባተኛ ነህ ይባላል፤ ልጁም ሰባተኛ የሆነው በሒሳብ ሳይሆን በአባቱ ልብ ውስጥ ይመስለዋል። ከዚህ በኋላ ደብተር በተከፈተ ቍጥር ልቡ ይዘጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ግን የምትታቀፈው ዶሮ ሙቀቷን ስለ ሰጠችው ነው እንጂ ቶሎ ውጣ ብላ ስለ ቈረቈረችው አይደለም።

«ይህ ሁሉ ለተማረና ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው፤ ፊደል ያልቈጠረች እናት፣ ከጠዋት እስከ ማታ በጉሊት የምትውል እናት ምን ታድርግ?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ በቀላል ቃል ሊታለፍም አይገባውም። ድካም ትዕግሥትን ይበላል፤ ለራት የሚሆን ያላገኘ ሰው ስለ ልብ ርጋታ ቢነገረው ስድብ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ጊዜ እንዲያገኝ ደመወዝና የሥራ ሰዓት የሚወስኑ ሰዎችም ተጠያቂነት አለባቸው። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ማንበብ የማትችል እናት ማስተማር አትችልም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ልጇን «ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ» ብላ ጐኗ ብታስቀምጠው፣ ካነበበ በኋላም «ምን ማለት ነው? ንገረኝ» ብትለው፣ ልጁ ያነበበውን በራሱ ቃል መናገር ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ከትምህርት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። በጉሊትም ሽንኵርቱን በመደብ በመደብ ሲከፍል፣ ለገዢ መልስ ሲቈጥር ሒሳብ ይማራል። ብቻ በዚያ ዋለ ብሎ ከተማሪ ቤት ማስቀረት አይገባም፤ ቤት የተማሪ ቤት ረዳት እንጂ ባላንጣ አይደለምና። ልጅ ከእኩዮቹ ጋር መጣላትንና መታረቅን መማር አለበት፤ ይህን ትምህርት ከእናቱና ከአባቱ ብቻ ሊያገኘው አይችልም።

ሦስተኛው ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ234 እስከ 149 ዓመት የኖረው ሮማዊው ካቶ ነው። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ፕሉታርክ እንደሚነግረን፣ ካቶ ከታላቅ የምክር ቤት ሰው ይልቅ መልካም ባል መሆን ይበልጣል ይል ነበር። ሚስቱ ሕፃኑን ስታጥብና ስትጠቀልል፣ የመንግሥት ጕዳይ ካልከለከለው በቀር አጠገቧ አይታጣም። ልጁ ከፍ ባለ ጊዜም ኪሎን የሚባል ብዙ ልጆችን የሚያስተምር ባሪያ ሳለው፣ ራሱ ፊደል አስቈጠረው፤ ሕግን አስተማረው፤ ፈረስ መጋለብንና ወንዝ መዋኘትን አለማመደው። የአገሩን ታሪክ እንዲያውቅም በገዛ እጁ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጠው፤ በልጁም ፊት ነውር ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ይጠነቀቅ ነበር። ሩሶ የጐደለውን ጊዜ ካቶ ሰጠ። ይህን ያነበበ ሁሉ ምሳሌ የሚሆን አባት ተገኘ ማለቱ አይቀርም።

ነገር ግን ያው ፕሉታርክ ሌላም ነገር ይነግረናል። ካቶ ባሮቹ ሲያረጁ የማይጠቅሙትን እንዳይቀልብ ይሸጣቸው ነበር። ፕሉታርክ ይህን አጥብቆ ይነቅፈዋል፤ እኔስ ያገለገለኝን በሬ እንኳ ስላረጀ አልሸጥም ይላል። ልጁን ባሪያ እንዲያስተምረው ካቶ ያልፈለገበት ምክንያትም ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የጌታ ልጅ በባሪያ እንዲገሠጽና ለዚህ ያህል ነገር የባሪያ ባለዕዳ እንዲሆን አልወደደም ነበር። እንግዲህ የካቶ ልጅ ከአባቱ ሁለት ትምህርት ተማረ ማለት ነው፤ አንዱ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው፣ ሁለተኛው ሳይጻፍ በዓይኑ ያየው።

አሁን ስለ ቡናው ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። በከተማችን በብዙ ቤት ከገጠር የመጣች፣ ከቤቱ ልጅ ጋር በዕድሜ እኩያ የሆነች ወይም ጥቂት የምትበልጥ ልጅ አለች። ማታ አባት ከልጁ ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በትዕግሥት ያስተምራል፤ እናትም ትረዳለች፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ለዓይንም ያምራል። በጓዳ ግን ያች ልጅ ሳሕን ታጥባለች። «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ሲባል ትሰማለች፤ ማንም ግን እርስዋን አይጠይቃትም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃን ትምህርቱን በሚጎዳ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ደንግጓል፤ ሕጉ ግን በየጓዳው ገብቶ አይቆምም፤ በጓዳ የሚቆመው የባለቤቶቹ ሕሊና ነው። በጠረጴዛው ያለው ልጅ ስለ እኩልነት የተጻፈውን በደብተሩ ይገለብጣል፤ ወደ ጓዳው ቀና ብሎ ሲያይ ደግሞ ያነበበው ለማን እንደ ሆነና ለማን እንዳልሆነ ይማራል። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት ከቶ አይረሳውም።

ይህን ስንል ከድህነት ሸሽታ የመጣችውን ልጅ አስወጡ ማለታችን አይደለም፤ ሜዳ ላይ መጣል ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ አንድ ወንበር መጨመር ይቻላል። ሳሕኑን ሁሉም ተባብሮ ያነሣ እንደ ሆነ ቶሎ ያልቃል፤ የቤቱም ልጅ ሳሕን ማጠብን ይማራል፤ ይህም ለእርሱ ከብዙ ትምህርት ይሻለዋል። ተማሪ ቤት ልትገባ የሚገባት እንደ ሆነች ትግባ፤ ዕድሜዋ ከፍ ያለ እንደ ሆነም የማታ ትምህርት ሰዓቷ ሳይደርስባት ትለቀቅ እንጂ «ዛሬ እንግዳ አለብን» እየተባለች አትቅር። ይህን ያደረገ ቤት ጥቂት ምቾት ይቀንስበታል። ነገር ግን በሌላ ልጅ ዕድሜ የተገዛ ምቾት ሰላም ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

እንግዲህ ከሦስቱ ሰዎች የምንማረው ይህ ነው። ከሩሶ፣ ስለ ልጅ ከመናገር በፊት ከልጅ ጋር መቀመጥ እንደሚቀድም፤ ከሚል፣ ጊዜን መስጠት ያለ ርኅራኄ እንደማይበቃ፤ ከካቶም፣ ለገዛ ልጅ ብቻ የተሰጠ ርኅራኄ ጎዶሎ እንደ ሆነ። ይህን ለመፈጸም ትልቅ ቤትና ብዙ መጻሕፍት አያስፈልጉም። በቀን አንድ የታወቀች ሰዓት ትለይ፤ በዚያች ሰዓት ስልኩም ቴሌቪዥኑም ይዘጋ፤ በቤቱ ያሉት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ አብረው ይቀመጡ። አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይስማ፣ አንዱ ይጠይቅ። ያላወቀ ልጅ እንደ እንቆቅልሹ አገር ይስጥና ይሳቅ። አንድ ቀን ይሳካል፤ አንድ ቀን ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ወጡ ያርራል፣ ሁሉም በኵርፊያ ይተኛል። በማግሥቱ በዚያችው ሰዓት ደግሞ ይቀመጡ። የቤት ሰላም በአንድ ቀን የሚገኝ ነገር አይደለም፤ እንደ እንጀራ በየጊዜው ይቦካል፣ በየጊዜውም ይጋገራል።